የምክር ዓምድ፦ ዋገናችን ለረጅም ጉዞና ለኮረኮንች መንገድ ምን ያስፈልጋታል?

ጥያቄ፦ «8 ዓመት ያገለገለች፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚነዱ ስቴሽን ዋገን አለችን። ባለቤቴና እኔ ከ3 ልጆቻችን (የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት) ጋር ለ3 ሳምንት ጉዞ ልንወጣ አስበናል። አብዛኛው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ፒስታና ኮረኮንች፣ አንዳንዴም ከጎማ ዱካ የማይበልጡ መንገዶችን መሞከር እንፈልጋለን። ባለቤቴ የጣሪያ ድንኳን፣ ዊንች (የተቀበረች መኪናን በገመድ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ተጨማሪ ፓውዛ፣ ፍሪጅ ከነባትሪው፣ ከጣውላ የተሠራ መሳቢያና መኪናዋን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ሞላ ያለበት ዝርዝር አውጥቷል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ከመግዛት መኪናዋን ሸጠን ከባድ ማርሽ ያላት ከፍ ያለች መኪና ብንገዛ ይሻላል ባይ ነኝ። ገንዘባችን የሚበቃው ለዝርዝሩ ግማሽ ነው። ከየት እንጀምር? በሾፌሩ በር በኩል ያለው ጽሑፍ ከ430 ኪሎ በላይ አትጫኑ ይላል፤ መመሪያ መጽሐፉ ለጣሪያው የሚፈቅደው 80 ኪሎ ነው።» የ3 ልጆች እናት

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ዋናው ነገር እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ባለቤትዎ ስለ ዕቃው፣ እርስዎም ስለ ገንዘቡ ተጨንቃችኋል፤ መኪናዋ ግን የምታውቀው ኪሎ ብቻ ነው። ያ 430 ኪሎ ሰውን፣ ሻንጣን፣ ውኃንና ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ የተገጠመላትን ብረት ሁሉ ደምሮ የሚይዝ ልክ ነው። ሰዎቹ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ የሚጫን የዕቃ መጠን አድርጎ የሚወስደው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ሒሳቡን አብራችሁ ብትሠሩት ደስ ይለኛል።

እኔ በግምት ልጀምርላችሁ። ሁለታችሁ አንድ ላይ 145 ኪሎ ብትመዝኑ፣ ልጆቹ በዕድሜያቸው ልክ በድምሩ 77 ኪሎ ቢሆኑ፣ የሁለቱ ትንንሾች መቀመጫ ደግሞ 12 ኪሎ ቢጨምር፣ አንድ ሻንጣ ሳይገባ 234 ኪሎ ሄዷል፤ የሚተርፋችሁ 196 ብቻ ነው። አሁን የባለቤትዎን ዝርዝር በዚህ ላይ እንደርድር። የጣሪያ ድንኳኑ 60 ኪሎ ገደማ፣ እሱን የሚሸከመው ፖርቶ መጋላ 25፣ የጣውላው መሳቢያ 45፣ ፍሪጁ ከባትሪውና በውስጡ ከሚቀመጠው ጋር 50፣ ዊንቹ ከሚታሰርበት ብረት ጋር ሌላ 50 ቢሆን 230 ይመጣል። 40 ሊትር ውኃ ሲታከልበት 270 ይሆናል። ልብሱ፣ ምግቡ፣ ብርድ ልብሱና መፍቻው ገና ሳይቆጠሩ ከተፈቀደው በ74 ኪሎ አልፋችኋል ማለት ነው።

ከልኩ በላይ የተጫነች መኪና በመጀመሪያው ቀን ምንም አትል ይሆናል። ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ የምትቆምበት ርቀት ይረዝማል፤ ጎማዎቿ በሙቀት ይጎዳሉ፤ ኋላዋ ዝቅ ሲል የፊት መብራቷ ወደ ላይ አቅንቶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ መሪዋም ይቀልና ኩርባ ላይ አመኔታ ያሳጣል። በኮረኮንች ላይ ደግሞ ሞላው እስከ መጨረሻው እየተጨፈለቀ በየጉድጓዱ ብረት ከብረት ይጋጫል።

የጣሪያው ሒሳብ ከዚህም የጠበበ ነው። ድንኳኑና ፖርቶ መጋላው ተደምረው 85 ኪሎ ስለሆኑ፣ ምንም ሳይጨመርበት ከ80ው አልፈዋል። መጽሐፉ የሚጠቅሰው ልክ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ስትሄድ የሚሠራው ነው፤ ቆማ ሳለች ጣሪያው ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ክብደት ይችላል፤ ሰው ድንኳኑ ውስጥ መተኛት የሚችለውም ለዚህ ነው። ሻጮች ደጋግመው የሚነግሯችሁ ይህንን ሁለተኛውን ስለሚሆን አትታለሉ። አንዳንድ አምራቾች እንዲያውም ላልተጠረገ መንገድ የመጀመሪያውንም ቁጥር ዝቅ ያደርጉታል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ የጣሪያ ድንኳኖች የተሠሩት ለ2 ወይም ለ3 ሰው ስለሆነ፣ ለ5 ሰው ቤተሰብ የምድር ድንኳን መጨመሩ አይቀርም። እኔ ብሆን ገና ከጅምሩ አንድ ሰፊ የምድር ድንኳን ገዝቼ ከኋላ ታች አስቀምጠውና ጣሪያውን ለቀላልና ግዙፍ ነገር፣ ለምሳሌ ለመኝታ ከረጢትና ለፍራሽ፣ እተወው ነበር። በነገራችን ላይ ባዶ ፖርቶ መጋላም ቢሆን በፈጣን መንገድ ላይ ነፋስ እየተቃወመው ነዳጅ ይበላል።

መኪናዋን ስለ መሸጥ ያነሱትን ሐሳብ አልደግፈውም። ከጉዟችሁ አብዛኛው አስፋልት እስከሆነ ድረስ ዝቅ ያለች፣ ኩርባ ላይ የማትንገዋለልና ነዳጅ የምትቆጥብ ዋገን ልጆችን ለያዘ ሰው የምትመች ናት። ሱባሩ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ አውትባክን፣ ቮልቮ ክሮስ ካንትሪን፣ ኦዲም ኦልሮድን ያወጡት እንዲህ ላለው ቤተሰብ ነው፤ የእነዚህ ዓይነቶቹ ሆድ ከመሬት ያለው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከባድ ማርሽ በእርግጥ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ድንጋያማ አቀበት በኤሊ እርምጃ ለሚወጣና በጥልቅ አሸዋ ለሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከገጠማችሁ መኪናውን አዙሮ መመለስ እንደ ሽንፈት እንዳይቆጠር፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለታችሁ ተስማሙ።

ስለዚህ ገንዘባችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጎማ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ጎማዎቹ ገና ጥርስ አላቸው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ጎናቸው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የምርት ጊዜውን የሚያመለክቱት የመጨረሻዎቹ 4 ቁጥሮች ናቸው፤ 2319 የሚል ከሆነ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚገኘው ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር አንዱ ጎማ የሚችለውን ክብደት ይነግራችኋል፤ 95 ማለት 690 ኪሎ፣ 100 ማለት 800 ኪሎ ነው። አዲሱ ጎማ መልኩ ምንም ያህል ጎርበጥ ያለና ጉልበተኛ ቢመስል፣ ይህ ቁጥሩ ከፋብሪካው ጎማ ማነስ የለበትም። ለፒስታም ለአስፋልትም ተብሎ የሚሠራው ዓይነት ለእናንተ ይስማማል፤ ጥርሱ በጣም የተራራቀው የጭቃ ጎማ ግን በአስፋልት ላይ ሲጮህ ይውላል፣ በእርጥብ መንገድም ፍሬን ሲያዝ ደካማ ነው። ቸርኬው ለፍሬኑ የሚበቃ እስከሆነና አምራቹ እስከፈቀደ ድረስ በአንድ ቁጥር ያነሰ ቸርኬ ላይ ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ማሰር ለኮረኮንች ትልቅ ጥቅም አለው፤ ድንጋዩን የሚውጠው የጎማው ጎን ነውና።

አራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ አራቱም ጎማዎች እኩል ዙሪያ ሊኖራቸው ይገባል። ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ያለቁ ሲሆኑ የኃይል ማከፋፈያው ያለ ዕረፍት ልዩነቱን ለማስተካከል ሲፍጨረጨር ይሞቃል፤ ጥገናውም ከ4 አዲስ ጎማ ይበልጥ ያስወጣል። ስኮርት ጎማም በዚሁ ዓይን ይታይ። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ስኮርት ቀጭኑና በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱበት የሚለው ዓይነት ከሆነ፣ ከከተማ በራቀ ፒስታ ላይ ብዙም አያራምዳችሁም። ሙሉ መጠን ያለው ጎማ ከኋላ ወለሉ ሥር መግባት አለመግባቱን በሜትር ለክታችሁ፣ ከገባ አምስተኛውን ከአራቱ ጋር አብራችሁ ግዙ። ካልገባም ከላዩ ያለውን ወለል ጥቂት ከፍ ማድረግ አይከብድም።

ከጎማው ጋር 3 ዕቃ ይገዛል፦ የንፋስ መለኪያ፣ ኮምፕረሰርና የጎማ መድፈኛ። ኮምፕረሰሩ ከሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ የሚሠራው ትንሹ ሳይሆን ከባትሪው ጋር በመቆንጠጫ የሚያያዘው ይሁን፤ የመለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 አምፔር ስለሆነ ጠንከር ያለ ኮምፕረሰር ያቃጥለዋል። ንፋስ ሲሞላም ሞተሩ ይነሳ። መጠኑን በተመለከተ በሾፌሩ በር በኩል ባለው ጽሑፍ ላይ ለሙሉ ጭነት የተመደበ የተለየ ቁጥር ካለ በአስፋልት የምትከተሉት እሱን ነው፤ የሚለካውም ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ጠዋት ነው። ኮረኮንች ስትጀምሩ ከዚያ ላይ ሩቡን ያህል ብታስተነፍሱ፣ ለምሳሌ ከ36 ወደ 27 ፒኤስአይ ብታወርዱት፣ መኪናዋ መንቀጥቀጧ ይቀንሳል፤ ጎማውም ስለታም ድንጋይ ላይ ከመወጠር ይልቅ ይተኛበታል። ይህ ግን የሚሠራው ፍጥነትም አብሮ ሲቀንስ ነው። አስፋልት ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ቆማችሁ ሙሉት፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ውስጡ ግሎ ይፈነዳል።

ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ጎማ ሲበሳ እንዲህ አድርጉ። ሚስማሩን ከመንቀላችሁ በፊት የገባበትን አቅጣጫ በደንብ ተመልከቱ። በፒንሳ ካወጣችሁት በኋላ ሻካራውን መውጊያ በዚያው አቅጣጫ አስገብታችሁ ደጋግማችሁ በማመላለስ የቀዳዳውን ግድግዳ አሻክሩት። ማጣበቂያ የነካውን የጎማ ክር በመርፌው ዓይን ውስጥ አጋምሳችሁ ግፉት፤ ጫፎቹ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውጭ ሲቀሩ መርፌውን በአንድ ጊዜ መንጭቁት። ከዚያ ንፋስ ሙሉና የሳሙና ውኃ አፍስሱበት፤ አረፋ ካልተነሳ የተረፈውን ክር ቆርጣችሁ መንገድ መቀጠል ትችላላችሁ፤ ከተማ ስትደርሱም ጎሚስታ ይየው። ይህ መሬት ለሚነካው የጎማ ፊት ብቻ የሚሆን መፍትሔ ነው፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ በስኮርት ይለወጣል። ሥራውን ከቤት ሳትወጡ በአሮጌ ጎማ ላይ ተለማመዱት፤ የ11 ዓመቱ ልጅም ቢሞክረው ክፋት የለውም።

የቀረው የመኪናዋ ምርመራ ነው፤ ማንኛውም ጥሩ መካኒክ ያውቀዋል፤ ለ8 ዓመት መኪና ግን በስሙ የሚጠራ ዝርዝር ስጡት። የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውኃና ቱቦዎቹ፣ ቺንጊያው፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ይታዩ። ባትሪዋ ከ4 ወይም ከ5 ዓመት በላይ ከሆናት ትመርመር። ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች መገጣጠሚያ የሚሸፍነውን የላስቲክ ከረጢት በመብራት አሳዩት፤ ትንሽ ስንጥቅ ከተገኘበት ከጉዞው በፊት ይለወጥ፤ አቧራ ከቅባቱ ጋር ሲቀላቀል መገጣጠሚያውን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጨዋልና።

ባለቤትዎ ስለ ፈለጉት ከፍ ያለ ሞላ ሐሳቤ የተለየ ነው። 5 ሳንቲ ሜትር መጨመር እነዚያኑ ዘንጎች ወዳልተሠሩበት ማዕዘን ስለሚወስዳቸው ቶሎ ይበላሉ፤ የጎማ አላይመንትና የፊት መብራት አቅጣጫም እንደገና ይስተካከላል። የእናንተ ችግር የሚመስለኝ ከጭነት በኋላ የኋላዋ መውደቅ ነው። ባዶዋን ሳለች ከጎማው መሃል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት ለኩ፤ ሰዉም ዕቃውም ሲገባ ደግማችሁ ለኩ። ኋላዋ በብዙ ሳንቲ ሜትር ወርዳ ፊቷ ካልተነቃነቀ ለኋላ ብቻ ጠንከር ያለ ሞላ ወይም በሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢት ይበቃል። ይህም ቢሆን ከፍታዋን ይመልሳል እንጂ የተፈቀደውን 430 ኪሎ አያሳድገውም። አንዳንድ ዋገኖች ራሱን የሚያስተካክል የኋላ ሾክ አብዞርበር ስላላቸው፣ የእናንተም እንደዚያ ከሆነች ሞላውን ብቻ መለወጥ አይስማማትም፤ መካኒኩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሆዷ በታች ለሞተሩና ለካምቢዮው የሚሆን የብረት ወይም የአልሙኒየም ጋሻ ግን ዋጋውን ያወጣል። አንድ ድንጋይ የዘይቱን ቋት ቢበሳው ጉዞው እዚያው ያበቃል። የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳና የአየር መግቢያ ያለው ይሁን። ረጅም ደረቅ ሣር ባለበት መንገድ ከሄዳችሁ በየዕረፍቱ ጎንበስ ብላችሁ በጋሻውና በጭስ ማውጫው መካከል የተጠራቀመውን ሣር አውጡ፤ ከጭስ ማውጫው ሙቀት የተነሳ እሳት መኪና አቃጥሎ ያውቃል።

ዊንቹንም ሰርዙት። መጎተቻ ተብሎ ከፊት የሚታሰረው ቀለበት የተሠራው የቆመች መኪናን በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ቀጥታ ለመሳብ ነው፤ ጭቃ ውስጥ የተቀበረችን መኪና በሚለጠጥ ገመድ መንጭቆ ለማውጣት አይሆንም። ከኋላ ተጎታች የሚታሰርበትን ሉል ደግሞ በጭራሽ ገመድ አትሰሩበት፤ ተሰብሮ ሲወረወር ሰው ገድሏል። ከዊንቹ ይልቅ አንድ አካፋና በጎማ ሥር የሚነጠፉ ሁለት ጥንድ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች ይዛችሁ፣ ጎማው መዞር እንደጀመረ ነዳጅ መስጠቱን አቁማችሁ መቆፈር ብዙ ያድናችኋል። ውኃ የተሻገረበት መንገድ ሲገጥማችሁ ከመግባታችሁ በፊት አንዳችሁ በእግር እዩት፤ የሚወርድ ውኃ ከሆነ ግን በእግርም አትግቡበት፤ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

ስለ ጭነት አደራረግ ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ልጆቹ ከፊቱ ስለሚቀመጡ ነው። ዋገን ከሳሎን መኪና የሚለየው ዕቃው ከሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በመሆኑ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በግማሽ ሜትር ውስጥ ብትቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ የክብደቱን 20 እጥፍ ያህል ኃይል ይዞ ወደ ፊት ይመጣል፤ የ5 ኪሎው የውኃ ጄሪካን እንደ 100 ኪሎ ይሆናል። ውኃና ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ጋር ተጣብቆ ይታሰር፤ ከመቀመጫው በላይ እስከ ጣሪያ የሚደርስ መረብ ወይም የሽቦ ክፍልፍል ይግጠምለት። ቤንዚን ከተሳፋሪ ጋር በአንድ ክፍል አይቀመጥም። የጣውላው መሳቢያ ያምራል፣ 45 ኪሎው ግን ለ20 ሊትር ውኃና ለአንድ ሙሉ ስኮርት ጎማ ይበቃ ነበር፤ አራት ማዕዘን የሆኑ ለስላሳ ቦርሳዎች፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ቀለም ተመድቦላቸው፣ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ክሪኩን፣ መፍቻውን፣ ኮምፕረሰሩንና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ግን የኋላ በር እንደተከፈተ እጅ የሚደርስበት አድርጉ። በዝናብና በጨለማ የ5 ሰው ሻንጣ መንገድ ዳር አራግፎ ስኮርት መፈለግን ለማንም አልመኝም።

ፍሪጁ ከቅንጦት ቢቆጠርም ከልጆች ጋር ለ3 ሳምንት አይከፋም፤ ጥያቄው የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ነው። 45 ዋት የሚወስድ ፍሪጅ ከጊዜው አንድ ሦስተኛውን ቢሠራ በቀን 360 ዋት ሰዓት፣ በ12 ቮልት ሲሰላ 30 አምፔር ሰዓት ያህል ይበላል። በየቀኑ ብዙ ሰዓት የምትነዱ ከሆነ መካከለኛ ሁለተኛ ባትሪ ይበቃችኋል፤ በአንድ ቦታ 3 ቀን መቀመጥ ካማራችሁ ግን ትልቅ ያስፈልጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ከተለመደው የእርሳስ ባትሪ በክብደት በብዙ ያነሰ ስለሆነ ለእናንተ ሒሳብ ይመቻል፤ የሞተር ክፍል ሙቀት ግን አይስማማውም፣ ከ0 ዲግሪ በታችም መሞላት የለበትም። ከመኪናዋ ባትሪ የሚሳበው ወፍራም ሽቦ ከመነሻው አጠገብ ፊውዝ ካልገባለት እሳት መጋበዝ ነው፤ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ኤሌክትሪሽያን ስጡት። ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ በደንብ የሚከድን የበረዶ ሣጥን ያዙ።

ለፓውዛው ብዙ ቃል አላባክንም፤ የደበዘዘውን የፊት መብራት ሽፋን አስጠርጉ፣ አቅጣጫውን ጭነት ከገባ በኋላ አስተካክሉ፣ በማታውቁት ፒስታ ላይ በሌሊት አትንዱ። የዚያን ወጪ ሞባይል በማይሠራበት ቦታ መልእክት ለሚልክ የሳተላይት መሣሪያ አውሉት፤ እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያሉት በኢሪዲየም ሳተላይቶች በኩል የአደጋ ጥሪ ያደርሳሉ። ካርታውንም ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ አውርዱ፤ የት እንደምታድሩና መቼ ደውላችሁ እንደምታሳውቁም ለአንድ ዘመድ ተናግራችሁ ውጡ።

ልጆቹን በተመለከተ በየ2 ሰዓቱ መቆም፣ በጎን መስታወቶቹ ላይ የፀሐይ መከለያ ማድረግና መኪና የሚያመውን ልጅ ከፊት ለፊት አሻግሮ ማየት በሚችልበት ቦታ ማስቀመጥ ከየትኛውም መሣሪያ ይበልጣል። አቧራ ሲበዛ መስኮት ዘግታችሁ የአየር ማስገቢያውን ከውጭ እንዲስብ አድርጋችሁ ማራገቢያውን ክፈቱት፤ ውስጥ ያለው ግፊት አቧራው በበር ክፍተት እንዳይገባ ይከለክላል። ከፊታችሁ መኪና ካለ ደግሞ አቧራው እስኪረግብ ራቅ በሉ። ብርድ ቢሆንም በድንኳንም ሆነ በተዘጋ መኪና ውስጥ ምድጃ አታንድዱ፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ተኝተው እያሉ ይገድላል።

ከዋናው ጉዞ በፊት ሁሉንም ጭናችሁ ቅርብ ወዳለ ኮረኮንች ወጥታችሁ ሁለት ሌሊት እደሩ። ስትመለሱ የጎማ ዳዶዎቹን፣ የጋሻውንና የፖርቶ መጋላውን ቦሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ መጀመሪያ ላይ የሚላሉት እነዚህ ናቸው። ከመድኃኒት፣ ከእሳት ማጥፊያና ከመጠገኛ ዕቃ በስተቀር አንድም ጊዜ ያልነካችሁትን ዕቃ ቤት አስቀሩት። በመጨረሻም የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ፈልጋችሁ፣ ነዳጅ ሞልታችሁ አምስታችሁም ተቀምጣችሁ አስመዝኑ፤ የፊትና የኋላ እግሮቿን ለየብቻ ጭምር አስመዝናችሁ በመኪናዋ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። ትርፍ ከተገኘ መጀመሪያ የሚወርደው ከጣሪያው ላይ ያለው ነው፤ ውኃውን ግን አትንኩት።